ዐሥር መኪና ወደ ኢሞጂን ፓስ ልምራ ወይ? ስለ በጎ ፈቃድ መንገድ መሪነት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ፎርራነር መኪና ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ በአንድ የፎር ባይ ፎር ክለብ ውስጥም ከሌሎች ጋር ተራራ ስወጣ ቆይቻለሁ። በመጪው ጁላይ ክለቡ ዐሥር መኪኖችን ከዩሬይ ከተማ ተነሥቼ ኢሞጂን ፓስ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል ወደ ቴሉራይድ ከተማ እንድመራ ጠይቆኛል። በበጎ ፈቃድ ነው፤ ክፍያ የለውም። መንዳቱን እችላለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የመሪው ኃላፊነት እስከ የት እንደሚደርስ፣ ምን መማር እንዳለብኝ፣ ሰው ቢጎዳ በሕግ እጠየቅ እንደሆነ አላውቅም። ልቀበል ወይ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፤ ከማን ዘንድ ምክር እንደሚቀበሉ እንዲያውቁ አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። አገር ቤት ሳለሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ላንድ ክሩዘር እየነዳሁ እንግዶችን ወደ ደናክልና ወደ ባሌ ተራሮች አመላልስ ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ዘጠኝ በጋ በኮሎራዶና በዩታ በበጎ ፈቃደኝነት መንገድ መርቻለሁ፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህም አዲስ ለሚጀምሩ መሪዎች ሥልጠና እሰጣለሁ።

ከጥያቄዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «መንዳቱን እችላለሁ» የሚለውን ነው። እንደሚችሉ አልጠራጠርም። ሆኖም ማሽከርከርና መንገድ መምራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ስለሆኑ አንዱን የቻለ ሰው ሌላውንም ችሏል ማለት አይደለም። ይህን ያስተማረኝ በዕድሜው መሪ ጨብጦ የማያውቅ አንድ የአፋር ሰው ነው።

ከሐመድ ኤላ ወደ ዳሎል በሚወስደው የጨው ሜዳ ላይ፣ ውኃ ተኝቶበት ገና መድረቅ በጀመረበት ወቅት፣ ሦስት መኪና ሆነን እንጓዝ ነበር፤ እኔ ከፊት ነበርኩ። መሪያችን ጋቢና ከጎኔ ተቀምጦ በየጥቂቱ «ቁም» ይለኛል፤ ይወርድና ጨውን በጫማው ረገጥ ረገጥ ያደርገዋል፤ በዱላው ይወጋዋል፤ ከዚያም ጠየም ያለውንና ርጥበት የቋጠረውን እየተወ፣ ደረቁን እየመረጠ ከፊቴ በእግሩ ይሄዳል። ለአምስተኛ ይሁን ለስድስተኛ ጊዜ ሲወርድ ትዕግሥቴ አለቀ። ፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ ነጭና ጠንካራ መስሎ ስለታየኝ ቀደም ብዬ ነዳሁ። የፊት ግራ ጎማዬ ቅርፊቱን ሰብሮ እስከ ቸርኬው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ወደ እኔም አልመጣም። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደ ኋላ ሮጦ፣ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ፣ የሚከተሉኝን ሁለት መኪኖች ማስቆም ነበር። እነሱ ደረቅ መሬት ላይ መቆማቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው የእኔን ጎማ ሊያይ የተመለሰው። ያን ቀን መኪናዬን ጎትተው ያወጡት እነዚያው ሁለት መኪኖች ናቸው፤ ተከትለውኝ ቢገቡ ኖሮ ሦስታችንም እዚያው ሙቀት ውስጥ እንቀር ነበር።

ክለቡ ከእርስዎ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የመሪው ሐሳብ ያለው ከፊቱ ባለው ድንጋይ ላይ ብቻ ሳይሆን ከኋላው በሚከተሉት መኪኖች ላይ፣ ከሁሉም በላይ በመጨረሻውና በደካማው ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመትዎ ከፊት ሆነው ባይመሩ እመርጣለሁ። ፊታውራሪው ከፊት ሲቀድም ከኋላ ደጀን እንዳለ ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ጉዞ ከመሪው ሌላ ከመጨረሻው መኪና ጋር የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ አለው፤ ቴይል ገነር ይሉታል። ከ1967 ጀምሮ በዩታ፣ ሞአብ ከተማ በየዓመቱ በፋሲካቸው ሰሞን የሚካሄደው፣ ኢስተር ጂፕ ሳፋሪ የሚባለው የጋራ የመኪና ጉዞ ይህን ያህል ዘመን የዘለቀው በእነዚህ ባለ ሁለት ጫፍ በጎ ፈቃደኞች ነው። የመሪነትን ትምህርት ከፊት ይልቅ ከኋላ ሆኖ መማር ይቀላል፤ የቀለጠ ፍሬን የሚሸተው፣ የተፈነቀለው ድንጋይ የሚታየው፣ ከመኪና ወርዶ የሚያስታውከው እንግዳ የሚገኘው ከኋላ ነውና። ከፊት ያለው ሰው ይህን ሁሉ የሚሰማው በራዲዮ፣ ያውም ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የጉዞው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው መንቀሳቀስ ሳይጀመር፣ ጠዋት በመነሻው ቦታ ላይ በሚያሳልፉት ግማሽ ሰዓት ነው። ንግግር ከማድረግዎ በፊት ወደ እያንዳንዱ መኪና በእግርዎ ሄደው ሹፌሩን ለብቻው ያነጋግሩት። እስኮርታው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ ቁልፉ መኖሩን፣ ከፊትም ከኋላም ከሻሲው ጋር የታሰረ ጠንካራ መጎተቻ መኖሩን፣ ነዳጁ መሙላቱን ይመልከቱ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሹፌሩ ፎር ሎ የሚባለውን ዝቅተኛ ማርሽ እዚያው በፊትዎ እንዲያስገባ ማድረግ ነው። «ታውቃለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ ለምን በቂ እንዳልሆነ ከእኔው ጥፋት ልንገርዎ።

መሪ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት፣ እርስዎን በጠየቁበት በዚሁ መንገድ፣ ሰባት መኪኖች ይዤ ነበር። ጠዋት ሁሉንም በአንድነት ሰብስቤ «ፎር ሎ ማስገባት የማያውቅ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ማንም እጁን አላወጣም። ከሰው ፊት «አላውቅም» ማለት ለማንም ይከብዳል፤ ይሉኝታ የእኛ ብቻ ጠባይ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ፈረንጁም አለበት። ጫፉን አልፈን ወደ ቴሉራይድ ስንወርድ፣ ከኋላ ያለው ባልደረባዬ በራዲዮ «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለኝ። የቆምንበት ቦታ ጠባብ ስለነበር ሰፊ ስፍራ ደርሰን እናየዋለን ብዬ ጉዞውን ቀጠልኩ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አምስተኛው መኪና ፍሬኑ አልይዝ አለው። ሹፌሩ አእምሮውን ስላልሳተ መሪውን ወደ ተራራው በኩል አዙሮ መኪናውን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አላተመና ቆመ። አንድ መስታወትና አንድ መከላከያ ተሰበረ፤ ሰው አልተጎዳም። ገደሉ በሌላው በኩል ነበር። ሰውየው ከጫፉ ጀምሮ በከፍተኛው ማርሽ፣ ፍሬን ረግጦ ነበር የወረደው። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። እኔ ጠዋት ለብቻው አላነጋገርኩትም፤ በኋላም ሽታው እንደተነገረኝ አላቆምኩም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልለወጥም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም መኪኖች አቁሜ፣ እያንዳንዱ ሹፌር ፎር ሎና አንደኛ ማርሽ ማስገባቱን በራዲዮ ሳይሆን በመስኮቱ በኩል በዓይኔ አይቼ አረጋግጣለሁ። ቁልቁለት የሚወረደው በማርሽ ነው፤ ፍሬን ለማስተካከያ እንጂ መኪናውን ሙሉ ለሙሉ ተሸክሞ ለማውረድ አልተሠራም። አውቶማቲክ መኪና የሚነዱ ሰዎች ማርሹን በእጃቸው ይዘው ማቆየት እንደሚችሉ ብዙዎቹ ስለማያውቁ ያሳዩአቸው። ሁለተኛው፣ ማንም ሰው «ሽታ»፣ «ድምፅ» ወይም «አላማረኝም» ካለ፣ የቆምንበት ስፍራ ምቹ ባይሆንም እናቆማለን።

ጎማን በተመለከተ አጭር ነው። አስፋልት ላይ በ35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ የሚነዳውን ጎማ ድንጋያማው መንገድ ሲጀመር ወደ 20 አካባቢ ማውረድ ጎማው መሬቱን በሰፊው እንዲይዝ፣ ሹል ድንጋይንም እንዲያቅፈው ያደርጋል፤ የተሳፋሪውን ወገብም ያሳርፋል። ይሁንና አስፋልት ሲገቡ ንፋስ መልሶ መሙላት ግዴታ ስለሆነ መሙያ መሣሪያ ያላቸው ሁለት መኪኖች ቢኖሩ ጥሩ ነው።

የአካሄዱ ሥርዓት አንድ ነው፤ ከኋላዬ ያለውን መኪና የምጠብቀው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ሹፌር ከኋላው ያለውን መኪና በመስታወቱ ካጣው ይቆማል። መገንጠያ ላይ ሲደርስም ከኋላው ያለው መኪና የታጠፈበትን አቅጣጫ ማየቱን ሳያረጋግጥ አይንቀሳቀስም። ይህ ከተጠበቀ፣ የመጨረሻው መኪና ጎማው ቢተነፍስ፣ ራዲዮ ባይሠራ እንኳ ቁሙ የሚለው መልእክት መኪና ከመኪና እየተቀባበለ እስከ እርስዎ ይደርሳል። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ከፊታቸው ያለው እንዳያመልጣቸው ሲሮጡ ከኋላቸው ያለውን ይጥሉታል።

ራዲዮን በሚመለከት፣ ሲቢ የሚባለው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ግን ድምፁ አይጠራም። ብዙ ክለቦች አሁን የሚጠቀሙት ጂኤምአርኤስ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈተና የለውም፣ ዋጋው 35 ዶላር ነው፣ ለዐሥር ዓመት ያገለግላል፣ የቅርብ ቤተሰብንም ያካትታል። እንደ መሪ ይህን ፈቃድ ሳይዙ አይነሡ። ስልክ ግን እዚያ ላይ አይታመንም። ክለቡ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ካለው ይዋሱት፤ ከሌለው ይህን ጉዳይ ለክለቡ ያንሡት። ለራስዎም 16 ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ከከተማ ርቆ የሚሰጥ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ቢወስዱ፣ መኪና ጎትቶ ከሚያወጣው ዊንችና መኪናን ከፍ ከሚያደርገው ሊፍት ሁሉ ለሚበልጥ ነገር ገንዘብ አወጡ ማለት ነው።

ኢሞጂን ፓስ 13,114 ጫማ ወይም 3,997 ሜትር ከፍታ አለው። ባሌ ውስጥ የሳነቲን አምባ አቋርጠው ቱሉ ዲምቱ ላይ የወጡ እንደሆነ 4,377 ሜትር ደርሰዋልና ቁጥሩ ላያስፈራዎ ይችላል። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ከፍታ አይነካንም የምንለው ነገር አለ፤ ግን ሰውነት ከፍታን ይረሳል። አውሮራ ከአዲስ አበባ ስለሚያንስ እዚያ ዓመታትን የኖረ ሰው የድሮ አቅሙን ይዤ እወጣለሁ ብሎ አይመን። ከባሕር ጠረፍ ከተማ በአውሮፕላን መጥቶ በማግሥቱ ከእርስዎ ጋር የሚወጣው እንግዳ ደግሞ ይብሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ሰው ጋር ከፍ ማለትዎን አይቀጥሉ፤ መንገዳገድ ወይም ንግግር መወላገድ ካዩ መድኃኒቱ ወዲያውኑ መውረድ ነው። መኪናም እንደ ሰው አየር ያጥረዋል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ ሹፌሩ «መኪናዬ ተበላሸ» ብሎ ነዳጅ አብዝቶ ረግጦ ጎማ እንዳያስፈተልክ አስቀድመው ይንገሩት።

በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ በእነዚያ ተራሮች ላይ መብረቅ የዕለት ጉዳይ ነው። ከዛፍ መስመር፣ ማለትም ዛፍ ማደግ ከሚያቆምበት ከፍታ፣ በላይ የሚጠለሉበት ነገር የለም። ከቀትር በፊት ጫፉን አልፈው ቁልቁል መጀመር አለብዎት፤ ከዚህ ተነሥተው ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዩሬይ መነሣት አለብዎት ማለት ነው። በርቀቱ አይታለሉ፤ ከከተማ ከተማ 17 ማይል ገደማ ነው፤ ዐሥር መኪኖች ይዘው ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። መንገዱ ጠባብ ሲሆን በሁለቱም አቅጣጫ ይነዳበታል። ደንቡ የሚወጣው መኪና ቅድሚያ አለው ነው፤ በተግባር ግን ዐሥር መኪኖችን ወደ ኋላ ከማስኬድ አንዱን መኪና ማስጠጋት ስለሚቀል፣ ከሚመጣው ሹፌር ጋር ወርደው በትሕትና መነጋገር የእርስዎ ሥራ ነው። «ከኋላዬ ዘጠኝ አሉ» ብለው ቁጥሩን ይንገሩት፤ የመጨረሻው መኪና ሲያልፍም «እኔ የመጨረሻው ነኝ» ይበለው።

አስቸጋሪ ድንጋይ ሲገጥም አንድ ሰው ወርዶ በእጅ ምልክት መኪናውን ያሳልፋል፤ አገር ቤት ረዳቱ «ና፣ ና፣ ቁም» እያለ እንደሚያደርገው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሞአብ ውስጥ አንድ ጊዜ አንድ ጂፕ ከድንጋይ ደረጃ ሲወርድ የእኔ ባልደረባ ከፊቱ ቆሞ ወደ ቀኝ ሲያመለክተው፣ የሹፌሩ ጓደኛ ከጎን ሆኖ «ግራ! ግራ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ለአንድ ቅጽበት መሪውን ወደ ግራ መለሰ፤ የኋላ ጎማው ከደረጃው ጫፍ ወረደና መኪናው በጎኑ ተንጋደደ። አልተገለበጠም፤ ግን የሹፌሩ እጅ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ እስካሁን ይታየኛል። ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ይበል። አንድ ቃል ብቻ ከማንም አፍ ሊወጣ ይችላል፤ እሱም «ቁም» ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግራው ለሹፌሩ ቀኝ ስለሚሆን፣ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ግራና ቀኝ ማለትን ትተው «ወደ ሹፌሩ»፣ «ወደ ተሳፋሪው» ይላሉ፤ እኔም ይህን እመክራለሁ። አሳላፊው ሹፌሩ በሚያየው ቦታ ይቁም፤ ዓይን ለዓይን ካልተያዩ መኪናው አይንቀሳቀስ። በመኪናውና በድንጋዩ መካከል፣ ወይም መኪናው ቢንሸራተት ሊያገኘው በሚችልበት ቁልቁል ስፍራ ላይ ግን በፍጹም አይቁም።

የገባ መኪና ማውጣት ራሱን የቻለ ሥልጠና የሚጠይቅ ነው፤ በዚህ ምላሽ ላስተምርዎ አልችልም፤ አልሞክርምም። የሰው ሕይወት የሚቀጥፈውን አንዱን ነገር ብቻ ግን ልናገር። የመጎተቻ ገመድ ከኋላ ተጎታች በሚያያዝበት የብረት ኳስ ላይ አይታሰርም። ኳሱ ለዚያ ዓይነት ድንገተኛ ጉልበት አልተሠራም፤ ሲበጠስ በተወጠረው ገመድ ጉልበት እንደ ጥይት ይወረወራል፤ በዚህ መንገድ የሞቱ ሰዎች አሉ። ገመድ ሲወጠር ተመልካች ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ፤ በገመዱ ላይም አይሻገሩ። እንግዶች ቪዲዮ ለመቅረጽ ይጠጋሉ። አንድም ሰው ቅርብ ካለ አይጎተትም ይበሉ፤ ይህንንም ሳያፍሩ ይናገሩ።

ወደ ይሉኝታ እመለሳለሁ፤ የበጎ ፈቃድ መሪን ከባለሙያ አስጎብኚ ይልቅ የሚፈትነው እሱ ነውና። እንግዶቹ የክለብ ጓደኞችዎ ናቸው። አንዱ ወጪ አውጥቶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ሰባት ሰዓት ነድቶ ነው የመጣው። መኪናው ግን ለመንገዱ አይሆንም፤ ወይም ሰውየው ጠዋት የመጠጥ ሽታ አለው፤ ወይም ደመናው ከዐራት ሰዓት ጀምሮ ጠቁሯል። «አንተ ዛሬ አትሄድም» ወይም «ሁላችንም እንመለሳለን» ማለት ዘመድን ማስቀየም ይመስላል። ለዚህ የሚረዳኝ፣ የምመለስበትን ምክንያት ጠዋት ገና ማንም ሳይበሳጭ በሁሉም ፊት መናገሬ ነው፤ «እስከ አምስት ሰዓት ድረስ የዛፉን መስመር ካላለፍን እንመለሳለን፤ ነጎድጓድ ከሰማን እንመለሳለን፤ መኪና ከተሰበረ ጉዞው የሚሆነው እሱን ማውረድ ነው።» ሰዓቱ ሲደርስ የምፈጽመው ጠዋት ሁላችን የተስማማንበትን ስለሆነ ለሰውም ለእኔም ይቀላል። አንድን ሰው ለብቻው ማስቀረት ሲኖርብኝ ደግሞ ከሰው ፊት አላደርገውም፤ ገለል አድርጌ ነግሬው፣ እሱና ቤተሰቡ ሌላ መኪና ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ እሞክራለሁ።

አሁን ስለ ሕጉ። ጠበቃ ስላልሆንኩ ይህን እንደ መነሻ ይዘው በኮሎራዶ ጠበቃ ያነጋግሩ። በ1997 የወጣ የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ አለ። ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት በነፃ የሚሠራ ሰው በሥራው ወሰን ውስጥ ሳለ በተራ ቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት በግሉ እንዳይጠየቅ ይጠብቀዋል፤ ከባድ ቸልተኝነትንና ሆን ተብሎ የተደረገን ግን አይሸፍንም። ብዙ መሪዎች ይህን ሰምተው ይረጋጋሉ፤ ሳያነቡት የሚያልፉት ግን ለእኛ ዋናው የሆነውን ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው በጎ ፈቃደኛው ራሱ መንጃ ፈቃድ ወይም ኢንሹራንስ የሚያስፈልገውን ተሽከርካሪ ሲነዳ ከሆነ ጥበቃው አይሠራም። በእጅ ምልክት ሲያሳልፉ ለተፈጠረ ነገር ሊጠብቅዎ ይችል ይሆናል፤ በራስዎ ፎርራነር የሌላውን መኪና ቢገጩ ግን የሚጠይቁት የእርስዎን የመኪና ኢንሹራንስ ነው። የመዝናኛ ክለብ ሁሉም ሕጉ በሚለው ትርጉም ውስጥ ይገባል ማለትም አይደለም። ስለዚህ ክለቡን በጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ በምን ዓይነት ድርጅትነት ተመዝግቧል? ለጉዞው የገባው የኃላፊነት ኢንሹራንስ በጎ ፈቃደኞችን በስም ያካትታል ወይ? እንግዶቹ የሚፈርሙትን ሰነድ የሚያዘጋጀውና የሚያስቀምጠው ማን ነው? ለራስዎ ኢንሹራንስም ደውለው ከአስፋልት ውጪ መንዳትን ይሸፍን እንደሆነ ያረጋግጡ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚነሣ አንድ ነገር አለ። አገር ቤት መንገድ ያሳየን ሰው ጉርሻ ሳንሰጥ አንለየውም፤ ነውር ነው። እዚህ ግን ኢሞጂን ያለበት መሬት ብሔራዊ ደን ነው፤ ብሔራዊ ደኖችን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ደንብ ትርፍ የሌለበትን ጉዞ ከ75 ሰው በታች እስከሆነ ድረስ ያለ ቡድን ፈቃድ ይፈቅዳል፤ ለመሳተፊያ ገንዘብ ከተጠየቀበት ግን የሰዉ ቁጥር ምንም ያህል ቢያንስ የንግድ ሥራ ተብሎ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ከጥበቃ ሕጉም አንጻር ከወጪ መተኪያ በቀር በዓመት ከ500 ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ነገር የተቀበለ ሰው በጎ ፈቃደኛ አይባልም። ስለዚህ አንድ እንግዳ በመስኮት ሃያ ዶላር ሲያቀብልዎ አመስግነው ይመልሱለት፤ ምሳ ቢጋብዝዎ ይብሉ። ስለ ግብር ከጠየቁ ደግሞ፣ ለበጎ አድራጎት ሥራ በራስ መኪና ለተነዳ በሕግ የተወሰነው ተቀናሽ በማይል 14 ሳንቲም ሲሆን የሚሠራውም ድርጅቱ በበጎ አድራጎትነት ከተመዘገበ ነው፤ አብዛኞቹ የመዝናኛ ክለቦች እንደዚያ አይደሉም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ስለ መሬቱ ነው። ከዛፍ መስመር በላይ ያለው አጭር ሣርና አበባ የሚያድግበት ወቅት በጥቂት ሳምንታት የተወሰነ ስለሆነ አንድ ጎማ የጨፈለቀው ቦታ ለማገገም አሥርት ዓመታትን ይወስዳል። ሞአብ በረሃ ውስጥ ያለው ጥቁር የአፈር ቅርፊትም ሕይወት ያለው ነው፤ በእግር እንኳ ቢረገጥ ቶሎ አይመለስም። አንድ መኪና ኩሬ ለመሸሽ ሣር ላይ ሲወጣ ተከታዮቹ ያንኑ ዱካ ይከተላሉ፤ ዐሥር መኪኖች ካለፉበት አዲስ መንገድ ሆነ ማለት ነው። ከፊት ያለው ሰው ኩሬውን መሐል ለመሐል ካለፈ ሁሉም ያልፋል፤ መሪው በአንድ ጎማ ከወጣ ግን ሁሉም ይወጣል። በ2023 የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሞአብ አካባቢ 317 ማይል የሚሆን የመኪና መንገድ እንዲዘጋ ሲወስን ከመካከላችን ብዙዎች አዝነናል፤ በውሳኔው ላይ የሚነሣው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ከመንገድ የወጣ የጎማ ዱካ ሁሉ ለመዝጋት ለሚፈልግ ሰው ማስረጃ መሆኑን ግን እኛው እናውቃለን። የደን አገልግሎቱ መኪና የተፈቀደበትን መንገድ የሚያሳይ ካርታ በነፃ ያወጣል፤ በስልክዎ ጭነው ይያዙት፤ ካርታው ላይ ከሌለ፣ ዱካው ምን ያህል የተነዳበት ቢመስል፣ አይግቡበት። ክለብዎ በዓመት አንድ ሁለት ቀን የፈረሰ መንገድ የሚጠግንና ቆሻሻ የሚያነሣ ከሆነ እዚያ ይገኙ፤ መንገዱን አካፋ ይዞ ያየው ሰው ከመስኮት ካየው ይበልጥ ያውቀዋል።

ልቀበል ወይ ላሉት፣ መልሴ አዎ ነው፤ ግን በክለቡ ጥያቄ ላይ ማሻሻያ ያድርጉበት። በጁላይ ኢሞጂንን ሌላ ልምድ ያለው መሪ ከፊት ይዞ፣ እርስዎ ከመጨረሻው መኪና በኋላ በደጀንነት ይውጡ። ከዚያ በፊት በአንድ የሥራ ቀን፣ ሕዝብ በማይበዛበት ጊዜ፣ ከሌላ አንድ መኪና ጋር ብቻ ሆነው መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ ይንዱት፤ ዐሥር መኪኖች ሊቆሙ የሚችሉባቸውን፣ አንድ መኪና ዞሮ ሊመለስ የሚችልባቸውን ስፍራዎች በማስታወሻ ይዘው ይመለሱ። ከዚያም በኦገስት አጋማሽ ላይ ከሌክ ሲቲ ተነሥቶ በሲናሞን ፓስ በኩል የሚያልፈውን፣ 12,640 ጫማ የሆነውንና ገር የሆነውን መንገድ፣ ከዐራት በማይበልጡ መኪኖች ከፊት ሆነው ይምሩ። ክለቡ ዐሥሩንም መኪናዎች አሁኑኑ ካልመሩ አይሆንም ካለዎት፣ ያን ጊዜ እንቢ ይበሉ። ያ እንቢታ በዚያ መንገድ ላይ እንደ መሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ውሳኔ ይሆናል።